ቀጭ፣ ቀጭ

ቀጭ ይላል፤ ቀጭ ደግሞ፤ ብልጭታው ይታያል፤
እሳቱ ግን የለም። ምን ሆነ ይባላል?

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጣና ጀልባ ሞተር
ስፈታ ስገጥም፣ በድምፁ ስጠረጥር፣
ከዘጌ እስከ ጎርጎራ «ይስማው ከሰማው ይድናል»
ሲባልልኝ የኖርሁ፣
ዛሬ ባለ ሁለት አፍ ቡታጋዝ ፊት ተንበረከክሁ።

(ግራው አፍ ከድሮም ሙት ነው፤
የጨው ጣሳ ማስቀመጫ አድርገነዋል። የምናገረው ስለ ቀኙ ነው።)

መብራት ከቀትር ጀምሮ የለም በሽምብጥ፤
ይታይሽ ዛሬ ማታ ናት ከደብረ ታቦር የምትመጣ፣
ሁለት ወር ሙሉ ልጃችንን ስታርስ ቆይታ።
«ምን ስትበላ ከረምህ?» ማለቷ አይቀርም፤
ድስቱ ይመልስላት፤ እኔ ምላስ የለኝም።
ሁለት ወር የበላሁት ከወደቡ ዳር ቆረሶ ጥብስ ነው፣
በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ቆሜ የጨረስሁት።

መጀመሪያ ሲሊንደሩን አቅፌ ነቀነቅሁት፤
ከብዷል፣ ውስጡ ይዋኛል፤ አላለቀም ማለት።
መስኮቱን ከፍቼ፣ ኦሞ በጥብጬ፣
ጎማውን በአረፋ ከጫፍ ጫፍ ለቅልቄ
ጠበቅሁ። አንዲት አረፋ እንኳ አልተነፋች።
ጎማው ነጻ ወጣ።

ከዚያ ነፋሱን ከሰስሁ፣ ከሐይቁ ወዲህ የሚመጣውን፤
መስኮቱን ዘጋሁበት። ቀጭ።
ጎንበስ ብዬ አሸተትሁ፤ ሽታው አለ፣ ግን ቀጭን፣
እንደ ሩቅ አገር ወሬ።
መስኮቱን መልሼ ከፈትሁ።

ምንይችል መጣ፣ የጎረቤት ልጅ፣ ስልኩን አብርቶ፤
«ጋሼ፣ ባትሪው ነው» አለኝ፣ ገና ከበር ገብቶ።
ብልጭታው እኮ አለ! ባትሪው ምን አደረገ?
ለነሱ በሽታ ሁሉ ባትሪ ነው፤
ቻርጅ ያላደረጉት ነገር ሁሉ ሙት ነው።

አንድ ሌሊት ደቅ አጠገብ ሞተር ዝም ብሎኝ ነበር፤
አሥራ ስድስት ሰው፣ ሦስት ፍየል፣ ጨለማና ማዕበል።
ያኔ ነው የገባኝ፤ ነዳጅ የዓባይ ዘመድ ነው፤
ዓባይ ቢቀጥን ፏፏቴውን አይገርፉትም፤
ወደ ላይ፣ ወደ ጣና ዞረው ያዩታል እንጂ።

«አብራልኝ» አልሁት ልጁን። ክዳኑን አነሣሁ፣
ቀለበቱን አወጣሁ፣ ሁለት ብሎን ፈታሁ፣
በቱቦው ጉሮሮ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ።

ድር።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤
ይቺ ግን ከማንም ጋር አላበረችም፤
ብቻዋን ቁጭ ብላ እሳት አሰረች።

ሁለት ወር። በየማታው በስልክ
«ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፤ ቤቱም ደህና ነው» ስል፣
እሷ እዚህ፣ ከክንዴ ርቀት ላይ፣ ትፈትል ነበር።
ቤቱ መቀዝቀዙን ከእኔ በፊት ያወቀች እሷ ናት፤
ለማንም ግን አልተናገረችብኝም።

ምንይችል በጫማው ቃጣ። «ተው!» አልሁት።
በባዶ ክብሪት ቀፎ ይዣት ጓሮ ወጣሁ፤
ጌሾው ሥር ለቀቅኋት። ወዲያው ሮጠች፣ ሳታመሰግን።
ከመጥረጊያ አንድ ሰበዝ መዝዤ
ጉሮሮውን ጠረግሁ፣ ነፋሁበት፣ ገጠምሁት።

ቀጭ።
ፉፍ!

ሰማያዊ ጥርሱን ገልጦ ሳቀብኝ።
ላዩ ላይ ድስት የለም። ሽንኩርቱም አልተላጠም።
አጠፋሁት። መልሼ አበራሁት። ደግሞ አጠፋሁት።
«ጋሼ፣ ጋዙ ያልቃል» አለኝ ልጁ።
ይለቅ። አንድ ጊዜ ልስማው።

ከውጭ ባጃጅ ቆመ።
በአሥር ብር የምትከራከር ሴት ድምፅ፤
አልተሳሳትሁም። ድምፅ አይስተኝም እኔ።
«ምንይችል፣ ቢላዋ!
ቢላዋው የት ነው?»